የዐሥራ ስድስተኛው መንገድ ቤተ ክርስቲያን ታሪክና የሕንፃው አሠራር

በኢዮቤልዩ መጽሐፍ የየራስን ደብር ታሪክ መጻፍ የተለመደ ነው፤ የሩቅ አገር ቤተ ጸሎት ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍበትም። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ድንጋይ ያቀበለ፥ ከደመወዙ ቀንሶ ያዋጣ፥ ጣሪያው ሲያፈስ ያዘነ ምእመን፥ አገሩና ሥርዐቱ ቢለይም የሌላውን ሕንፃ ታሪክ ሲሰማ እንደ ራሱ ይገባዋል። ስለዚህ በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ግዛት፥ በበርሚንግሃም ከተማ መካከል ስለ ቆመው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ። በተለይ ላሳይ የምሻው፥ ያ ሕንፃ የተሠራበት መልክ ኋላ ለደረሰበት ክብርና መከራ ሁሉ ምክንያት መሆኑን ነው። የዘመኑ ቍጥር፥ ካልተለየ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስሙን የሚሰማ የኛ አገር ሰው መጀመሪያ ይደነቃል። በኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን በታቦቱ ስም ይጠራል፤ ይህ ግን የሚጠራው በመንገድ ቍጥር ነው። የበርሚንግሃም መንገዶች በገመድ ተለክተው በቍጥር የተሰየሙ ናቸውና፥ ዐሥራ ስድስተኛው መንገድ ከስድስተኛው ጐዳና ጋራ በሚገናኝበት ማእዘን ስለ ቆመ የዐሥራ ስድስተኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተባለ። ባፕቲስት የሚለውም ከግሪኩ የጥምቀት ቃል የወጣ ነው፤ እነርሱ የሚያጠምቁት ዐውቆ የሚያምነውን ሰው ብቻ ሲሆን፥ ሲያጠምቁም ሰውነቱን በሙሉ በውሃ ውስጥ ያጠልቃሉ። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ ጉባኤ ራሱን የቻለ ነው፤ ጳጳስ የለውም፤ ሰባኪውን ራሱ ይመርጣል፥ ቦታውን ራሱ ይገዛል፥ ዕዳውንም ራሱ ይከፍላል። ይህን ያነሣሁት የሃይማኖት ክርክር ለመክፈት አይደለም፤ ለሕንፃው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው። ርስት የሚሰጠው ንጉሥ፥ ጕልላት የሚያሠራለት መኰንን የሌለው ቤተ ክርስቲያን፥ ግድግዳው የሚቆመው ከድኾች ኪስ በወጣ ሳንቲም ብቻ ነውና።

ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1871 ነው። በአካባቢዋ የብረት ማዕድን፥ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በአንድ ስፍራ ተቀራርበው ስለ ተገኙ፥ ብረት ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ሸለቆ ተሟልቶላት ፈጥና አደገች፤ ስሟንም ከእንግሊዟ የብረት ሥራ ከተማ ወሰደች። በአሜሪካ ባርነት በሕግ የቀረው በ1865 ስለ ሆነ፥ ወደ ማዕድኑ ጕድጓድና ወደ እቶኑ የመጣው ጥቁር ሠራተኛ ከጥቂት ዓመት በፊት የሰው ንብረት የነበረ፥ ወይም የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ ነበረ። እነዚህ ሰዎች ከተማይቱ በተቈረቈረች በሁለተኛው ዓመት፥ በሚያዝያ 20 ቀን 1873፥ አንዲት ጉባኤ አቋቋሙ። በከተማይቱ የመጀመሪያዋ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይህች ናት። አስቀድመው በአንዲት ትንሽ ቤት ይሰበሰቡ ነበር፤ ከዚያም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረው፥ በ1880 ዛሬ ሕንፃው ያለበትን ቦታ ገዙ።

በ1883 ዊልያም ፔቲፎርድ የሚባል ሰው ሰባኪ ሆኖ መጣ። በሚቀጥለውም ዓመት ጉባኤው በዚያ ቦታ ላይ በጡብ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አቆመ። ፔቲፎርድ በምእመናኑ ላይ ያየው ችግር በስብከት ብቻ የሚድን አልነበረም፤ ሠራተኛው ደመወዙን ተቀብሎ የሚያኖርበት ስፍራ፥ ቤት ለመሥራትም የሚበደርበት ሰው አልነበረውም። ስለዚህ በ1890 ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ የአላባማ ፔኒ ቍጠባ ባንክን አቋቋመ። ፔኒ ማለት ከገንዘባቸው ሁሉ ታናሹ ሳንቲም ነው፤ ስሙም የሚያስረዳው ማንም ሰው በጥቂት ሳንቲም ሊጀምር እንደሚችል ነው። ባንኩ በአላባማ የመጀመሪያው የጥቁሮች ባንክ ሲሆን፥ በ1893 በአገሩ ሁሉ ብዙ ባንኮች ሲወድቁ እርሱ ሳይወድቅ ቀረ። ፔቲፎርድም በዚያው ዓመት የሰባኪነቱን ሥራ ትቶ የባንኩን ሥራ ያዘ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ሰባኪ ለገንዘብ ሲል መድረኩን ተወ ይል ይሆናል፤ ለኔ ግን ባንኩ ከሕንፃው ሥራ የሚለይ አይመስለኝም፤ ሳንቲም መቈጠብ የለመደ ሕዝብ ነውና ኋላ ሁለተኛውን ቤት ሊሠራ የቻለው።

በ1908 የከተማው ሹማምንት የጡቡ ቤተ ክርስቲያን ይፍረስ ብለው አዘዙ። ቤቱ ከተሠራ ገና 24 ዓመቱ ነበረ። ጉባኤውም ትእዛዙን ተቀብሎ ቤቱን ካፈረሰ በኋላ፥ የፈረሰውን ያህል ሳይሆን ከፈረሰው የበለጠ ለመሥራት ቈረጠ። ንድፉን እንዲያወጣም ዋላስ ሬይፊልድ ተመረጠ።

ስለዚህ መሐንዲስ ጥቂት ላቁም፤ ስሙ ሊታወቅ የሚገባው ሰው ነውና። በጆርጂያ ግዛት በሜኮን የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፥ በዋሽንግተን በሃዋርድ፥ በኒው ዮርክም በፕራትና በኮሎምቢያ ትምህርት ቤቶች ተምሯል። ስመ ጥሩው ቡከር ዋሽንግተን ወደ ቱስኬጊ ትምህርት ቤት ጠርቶት የንድፍ ሥራ ሲያስተምር ከኖረ በኋላ፥ በ1908 ወደ በርሚንግሃም መጥቶ የራሱን ቢሮ ከፈተ። በዚያ ዘመን ከጥቁሮች ወገን የሕንፃን ጥበብ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ነበረ። ሬይፊልድ የቤተ ክርስቲያንና የመኖሪያ ቤት ንድፍ በማስታወቂያ እያሳወቀ፥ ቢሮው ወደማይደርስበት ግዛት ሁሉ በፖስታ ይልክ ነበር። በ1941 ሲሞት ስሙም አብሮት ወደ መረሳት ደረሰ። ነገር ግን በ1993 በበርሚንግሃም አቅራቢያ አንድ አሮጌ ጎተራ ሲፈርስ፥ የሕንፃዎቹ ሥዕል የተቀረጸባቸው ብዙ መቶ የማተሚያ ሰሌዳዎች ከውስጡ ተገኙ። የሕንፃ ሥዕል በሰሌዳ ላይ የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለ ሆነ፥ ያገኛቸው ሰው ወደ መስተዋት ካላቀረባቸው በቀር ጽሑፋቸውን ማንበብ ይቸግረዋል። የዚያም ሰው ሥራ ከሞቱ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንዲህ ባለ መንገድ እንደ ገና ተነበበ።

ሥራ ተቋራጩም ቲ. ሲ. ዊንዳም የሚባል ጥቁር ሰው ነበረ። ስለዚህ ያዘዘው፥ የነደፈው፥ የገነባው፥ ገንዘቡንም የከፈለው ሁሉ ከዚያው ሕዝብ ነው። ሕንፃው በ1911 ተፈጸመ፤ ወጪውም 26,000 ዶላር ሆነ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ሬይፊልድ የተከተለው ሮማኔስክ የሚባለውን፥ ማለትም የጥንት ሮማውያንን ክብ ቅስት የሚመስለውን ስልት ሲሆን፥ ከቍስጥንጥንያ ሰዎች ደግሞ ጕልላቱን ቀድቷል። በፊት ለፊት፥ በግራና በቀኝ፥ ጫፋቸው የሾለ ጕልላት የደፉ ሁለት አራት ማእዘን ማማዎች ቆመዋል። በማማዎቹ መካከል ሰፊ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ደረጃውም ሦስት ቅስት ካለው ደጀ ሰላም ያደርሳል። ግድግዳው ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ጡብ ነው። በጣሪያው ላይ ለታላቁ አዳራሽ ብርሃን የሚሰጥ ሌላ ጕልላት አለ። ስሙም በመብራት ተጽፎ ከላይ ወደ ታች ስለ ተሰቀለ፥ በሌሊት የሚያልፍ መንገደኛ ያነበዋል።

በውስጥ ሲገባ እንደኛ ቤተ መቅደስ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ የተከፈለ አይደለም፤ በባፕቲስቶች ሥርዐት የሁሉ ዐይን የሚያርፈው በሰባኪው መድረክ ላይ ነውና፥ ወንበሩም ሰገነቱም ወደዚያ ይመለከታል። በመስኮቶቹ ያለው መስተዋት በኅብረ ቀለም የተሣለ ነው። ይህ ሁሉ በብዙ የአሜሪካ ከተማ ሊታይ ይችላል። የዚህን ሕንፃ አሳብ ለመረዳት የፈለገ ሰው ግን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች መመልከት አለበት። ሬይፊልድ ከአዳራሹ በታች ራሱን የቻለ ሌላ ሰፊ አዳራሽ በምድር ቤት ሠራ፤ በዙሪያውም ልዩ ልዩ ክፍሎች አደረገለት። በውጭ ያለው ደረጃ ከፍ ያለውም ምድር ቤቱ ከመሬት በላይ ስለሚነሣ ነው። ስለዚህ ሕንፃው በእውነት ሁለት ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ የላይኛው ለስብከትና ለዝማሬ፥ የታችኛው ለማናቸውም ጉዳይ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። በዚያ ዘመን በአላባማ ሕግ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፥ በአንድ የምግብ ቤት ገበታ አይቀመጡም ነበር፤ የከተማይቱም አዳራሾችና ቲያትር ቤቶች በሕግና በልማድ የተለዩ ነበሩ። ጥቁሩ ሕዝብ ለጉባኤ፥ ለትምህርት፥ ለሙዚቃ፥ ለልጆች በዓል የሚሰበሰብበት ሰፊ ቤት ከፈለገ፥ ያለው ቤት ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ስፍራውም በከተማይቱ መካከል፥ ጥቁሮች ሱቅና ቢሮ ከከፈቱበት ሰፈር አጠገብ ስለ ሆነ ለሁሉ ይቀርባል። ስለዚህ ዱ ቦይስን፥ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱንን፥ ራልፍ በንችን፥ ዘፋኙንም ፖል ሮብሰንን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች በርሚንግሃም ሲመጡ የተናገሩት በዚህ ቤት ነው። ሬይፊልድ ለዚህ ሲል አስፍቶ የሠራው ምድር ቤት፥ ሃምሳ ሁለት ዓመት ቆይቶ የአገሩን ታሪክ የሚለውጥ ሥራ እንደሚሠራበት አላወቀም።

በሚያዝያ 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ፥ የከተማይቱ ሰባኪ ፍሬድ ሻትልስወርዝና ጓደኞቻቸው የመለያየቱን ሕግ ለማስቀረት በሰላማዊ ሰልፍ ተነሡ። ሰልፉ የሚነሣበት ስፍራ ከገበያውና ከከተማው ሹማምንት ቢሮ በእግር የሚደረስበት፥ ብዙ ሰው የሚይዝ፥ ፊቱም ገላጣ የሆነ መሆን ነበረበት። የዐሥራ ስድስተኛው መንገድ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ አሟልቷል፤ ከመንገዱ ማዶም ኬሊ ኢንግራም የሚባለው የሕዝብ አትክልት ቦታ አለ። በግንቦት 2 ቀን ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች በዚሁ ቤት ተሰብስበው፥ በየቡድኑ እየዘመሩ በታላቁ ደረጃ ወረዱ፤ ፖሊሶችም እየያዙ ወደ እስር ቤት ወሰዷቸው። በማግሥቱ የከተማው የጸጥታ ኀላፊ ዩጂን ኮነር የእሳት ማጥፊያ ውሃና ውሻ በልጆቹ ላይ እንዲለቀቅ አዘዘ። የውሃው ኀይል ልጆቹን ከመሬት እያነሣ ሲጥል የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። በግንቦት 10 ቀን ስምምነት ተደረገ፤ በመደብሮች ያሉት የምግብ ገበታዎች ለሁሉ እንዲከፈቱ ተወሰነ።

የቤቱ በር ለዚህ ሥራ መከፈቱ ግን በጠላት ዘንድ የታወቀ ምልክት አደረገው። በዚያች ከተማ የጥቁሮችን ቤትና ቤተ ክርስቲያን በድማሚት ማፍረስ ብዙ ጊዜ ተደርጎ ስለ ነበር፥ ሰዎች የከተማይቱን ስም ለውጠው በርሚንግሃም በማለት ፈንታ ቦሚንግሃም ይሏት ነበር። ይህ ከኛ የቅኔ ቤት ኅብር ጋራ የሚመሳሰል ነው፤ ነገር ግን ከሳቅ የተገኘ ቅኔ አይደለም።

በመስከረም 15 ቀን 1963፥ በኛ አቈጣጠር በመስከረም 4 ቀን 1956 ዓ.ም.፥ ቀኑ እሑድ ነበረ። የወጣቶች ሰንበት ስለ ነበር ልጆቹ በአገልግሎቱ ሊሳተፉ ተዘጋጅተዋል። የሰንበት ትምህርቱም ርእስ ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበረ። ከጧቱ 10 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ሲሆን፥ በኛ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ22 ማለት ነው፥ በምሥራቁ ወገን ካለው የውጭ ደረጃ ሥር የተቀበረ ድማሚት ፈነዳ። ከግድግዳው በስተኋላ በምድር ቤቱ የሴቶች ክፍል ልብሳቸውን ሲያሰናዱ የነበሩት አራት ልጃገረዶች ሞቱ። እነርሱም አዲ ሜ ኮሊንስ፥ ካሮል ሮበርትሰን፥ ሲንቲያ ዌስሊ፥ ዴኒስ ማክኔር ናቸው። ሦስቱ የ14 ዓመት፥ ዴኒስ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። የአዲ ሜ ታናሽ እኅት በዚያው ክፍል ነበረችና በሕይወት ተርፋ አንድ ዐይኗን አጣች። ሌሎችም ብዙዎች ቈሰሉ። በዚያው ቀን በከተማይቱ ሌሎች ሁለት ጥቁር ወንዶች ልጆች በጥይት ተገደሉ።

የምሥራቁ ግድግዳ ተነደለ፤ ደረጃው ጠፋ። በኅብረ ቀለም ከተሣሉት መስተዋቶች ሁሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነበረ። በእርሱም ላይ ጌታ ሕፃናትን እየመራ ተሥሏል፤ ሥዕሉ እንዳለ ሆኖ ፊቱ ብቻ ከመካከል ወጥቶ ወደቀ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የየራሱን ትርጓሜ ሰጥቶታል፤ እኔ ግን ሥዕሉ ራሱ ከተናገረው ላይ አልጨምርም። ነገር ግን ሁለቱ ማማዎችና ታላቁ አዳራሽ አልፈረሱም፤ ዊንዳም የገነባው ግንብ ጸና።

ገንዘብ ከየአገሩ ተላከ፤ ከ300,000 ዶላርም በላይ ሆነ። ይህም ሕንፃው መጀመሪያ ከተሠራበት ገንዘብ ከዐሥር እጅ የሚበልጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በሰኔ 7 ቀን 1964 ተከፈተ፤ በሚቀጥለውም ወር በሐምሌ 2 ቀን የመለያየትን ሥርዐት የሚሽር ሕግ በዋሽንግተን ተፈረመ።

ከስጦታዎቹ ሁሉ አንዱ ተለይቶ ሊነገር ይገባዋል። በብሪታንያ በዌልስ አገር ጆን ፔትስ የሚባል የመስተዋት ሠዓሊ ወሬውን በሰማ ጊዜ፥ ለተሰበረው መስኮት አዲስ መስተዋት ሠርቶ ለመስጠት አሰበ። የአገሩም ጋዜጣ አንባቢዎቹን መዋጮ ጠየቀ፤ ነገር ግን ማንም ሰው ከግማሽ ክራውን በላይ እንዳይሰጥ ወሰነ። ግማሽ ክራውን በዚያ ዘመን ከአንድ ፓውንድ ስምንተኛ እጅ የሆነች ትንሽ ገንዘብ ነበረች። ይህንም ያደረጉት አንድ ባለጸጋ ብቻውን ከፍሎ ስጦታውን የራሱ እንዳያደርገው፥ የአገሩም ሕዝብ ሁሉ እንዲሰጥ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ሰው የቤተ ክርስቲያን መዋጮ ሰብስቦ የሚያውቅ ይመስለኛል። በኛም አገር አንዱ ደወሉን፥ አንዱ ምንጣፉን ከሰጠ በኋላ ስንት ጊዜ የስም ክርክር እንደሚነሣ ሽማግሎቻችን ያውቃሉ።

መስተዋቱ በ1965 ከባሕር ማዶ ደርሶ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ከሰገነቱ በላይ ተተከለ። በእርሱም ላይ ጌታ ጥቁር ሰው ሆኖ፥ እጆቹን ዘርግቶ፥ ራሱን ዘንበል አድርጎ ተሥሏል። ቀኝ እጁ ግፍንና ጥላቻን ይገፋል፤ ግራ እጁ ይቅርታን ያቀርባል። በላዩም የቀስተ ደመና ቀለም አለ፥ የሰውን ዘር ሁሉ የሚያመለክት። ከሥሩ የተጻፈው ቃል ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ የተወሰደ ነው፤ ይኸውም ለታናናሾች የተደረገው ለርሱ እንደ ተደረገ የሚናገረው ነው። ዐይነ ልቡና ያለው አንባቢ ቃሉን ሁለት ወገን አድርጎ ያነበዋል፤ ለታናናሾች የተደረገው በጎ ነገርም፥ በታችኛው ክፍል በልጆቹ ላይ የተደረገውም ለርሱ እንደ ተደረገ።

የፍርዱ ነገር ግን እጅግ ዘገየ። የወንጀል ምርመራው መሥሪያ ቤት የአራት ሰዎችን ስም ዐውቆ ሳለ በ1968 ማንንም ሳይከስ መዝገቡን ዘጋ። ኋላ የአላባማ ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን እንደ ገና ከፍቶ ሮበርት ቻምብሊስን በ1977 አስፈረደበት፤ እርሱም በእስር ቤት ሞተ። ቶማስ ብላንተን በ2001፥ ቦቢ ፍራንክ ቼሪም በ2002 ተፈረደባቸው። አራተኛው ኸርማን ካሽ ሳይከሰስ በ1994 ሞተ። ቤቱ በአንድ ዓመት ሳይሞላ ሲታደስ፥ ፍርዱ እስኪፈጸም 39 ዓመት ወሰደ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአባቶችና ከእናቶች ፍርዱን ሳያዩ የሞቱ አሉ።

በ1992 ከመንገዱ ማዶ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ተከፈተ። በ2006 ሕንፃው በአገሩ መንግሥት ከታላላቅ ታሪካዊ ስፍራዎች አንዱ ተብሎ ተጻፈ፤ በ2013 በአትክልቱ ቦታ የአራቱ ልጃገረዶች ሐውልት ቆመ፤ በጥር 2017 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑና አካባቢው በፕሬዚዳንት ኦባማ ዐዋጅ ብሔራዊ መታሰቢያ ሆኑ። በመካከሉ ጉባኤው ሌላ ሥራ ነበረው። ሕንፃው መቶ ዓመት ሲቃረበው ውሃ እየሰረገ ይጐዳው ጀመር፤ ስለዚህ ለእድሳቱ እንደ ገና ገንዘብ ማሰባሰብ አስፈለገ፤ ጡቡና መሠረቱም ተጠገነ። ጉባኤው እሑድ እሑድ እንደ ቀድሞው በላይኛው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ በሌላው ቀን ከየአገሩ የሚመጣው እንግዳ አስቀድሞ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል፥ ከዚያም ደረጃውን ወጥቶ ከዌልሱ መስተዋት በታች ይቀመጣል።